ከቧንቧው በኩል ሲቆጠር

ኅዳር 4

ልጄ፣

ደብዳቤሽ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ደረሰኝ። ቴምብሩ ግማሹ ተልጦ ነበር፤ ፖስታ ቤት ሄጄ ተናግሬያቸዋለሁ። ስልኩን ትተን በወረቀት እንነጋገር ያልሽው አንቺ ነሽና ስትለጥፊ ጠበቅ አድርጊው። ሐሳብሽ ግን ትክክል ነው። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ማን ቀድሞ እንደዘጋ ስንከራከር ወር ያልፋል።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ።

የእናትሽ መቃብር ድንጋይ ላይ «ሳቋ ቀድሟት በር ይገባ ነበር» ተብሎ ይጻፍ ያልሽው አይሆንም። ስትጠይቂኝ ይህ ሦስተኛሽ ነው። የመቃብር ቦታችን ደንብ ስም፣ የልደት ቀንና የሞት ቀን ይላል፤ ሌላ አይልም። ድንጋዩ ቁመቱ ስድሳ፣ ወርዱ አርባ ሳንቲ ሜትር። ፎቶ የለም፣ አጥር የለም፣ የፕላስቲክ አበባ የለም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም ሀብታም ሞቶም ድሃውን ቁልቁል እንዳያየው ነው። ለልጄ ብዬ አንድ መስመር ብፈቅድ ነገ ሥጋ ሻጩ ለወንድሙ የገጠመውን አርባ ስንኝ ይዞ ይመጣል። አይቼዋለሁ፤ ቤት አይመታም።

ወደ አንቺ መጥቼ መኖሩንም እርሺው። እዚህ ቦታ አለኝ፤ ይህን የምለው ቃል በቃል ነው። በደንባችን አንድ መቃብር ሁለት ሰው ይይዛል። የመጀመሪያው ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ ለባል ወይም ለሚስት ይከፈታል፤ ሁለተኛው ከገባ ደግሞ ለሌላ ሰባት ዓመት ማንም አይነካውም። እናትሽ መስከረም ላይ ሰባት ዓመቷን ሞላች። ዘጠነኛው ረድፍ፣ ከበሩ አራተኛው መቃብር። ከእሷ ጎን ያለው ቦታ የእኔ ነው። ተመዝግቧል። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በእርግጠኝነት የእኔ የምለው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የጸሐፊነት ቢሮዬ ያው ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ እኔ የሣልኩት የመቃብሮቹ ፕላን። ሰዎቹ «አቶ ሜትር» ማለታቸውን አልተዉም። ሰሞኑን ከልብስ ሰፊው ጋር ተጋጨን፤ የትምህርት ቤት ልብስሽን ያሳጥርልሽ ከነበረው። ሚስቱ እዚያው ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ከበሩ ስምንተኛዋ። እሑድ እሑድ በርጩማ ይዞ ይመጣና አጠገቧ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ያወራል። አሁን ደግሞ በርጩማዋን እዚያው ትቷት መሄድ ጀመረ።

«ወንድሜ፣ ይቺ በርጩማ እዚህ ማደር አትችልም» አልኩት።

«ለምን? ታንኮራፋለች?»

«ደንብ ነው። ስትሄድ ይዘሃት ሂድ።»

«ጉልበቴን አይተኸዋል? እሷን ልሸከም ወይስ ራሴን? ያለሷ ደግሞ አልችልም፤ እኔ ከሚስቴ ጋር ቆሜ አውርቼ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በርጩማዋን ዕቃ ቤት ቆልፌባታለሁ፤ ፈርሞ መውሰድ ይችላል፤ አልፈረመም። ከዚያ ወዲህ ቆሞ ነው የሚያወራው። ወደ ሃያ ደቂቃ አጥሯል።

ቅዳሜ እናትሽ ጋ ሄጄ ነበር። ድንጋዩ ላይ ውኃ ልክ አስቀምጬ አየሁት። ቀጥ እንዳለ ነው።

አባትሽ


ኅዳር 27

አባዬ፣

ቴምብሩን በሁለት ጣቴ ተጭኜ እስከ ሃምሳ ቆጥሬያለሁ። ደስ ይበልህ።

እኔ የጠየቅሁህ ምን እንደምትበላ ነበር እንጂ መብላትህን አልነበረም። «አዎ፣ እበላለሁ» ለሐኪም የሚሰጥ መልስ ነው።

ሥራዬን አልጠየቅኸኝም፤ ልንገርህ። ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የራጅ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሰው «ትንፋሽ ይያዙ… አሁን ይተንፍሱ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ዛሬ ለሰው ከዚህ ሌላ ምን ተናግሬያለሁ ብዬ አስባለሁ። ምንም አላገኝም። ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር አለኝ። አንደኛው ላይ ልብስ አስቀምጥበታለሁ።

ስለ ድንጋዩ ለአራተኛ ጊዜ አልጠይቅህም። ግን ስለ እማዬ ሳቅ አንዲት ቃል ሳትመልስ ስለ ሥጋ ሻጩ ግጥም አስተያየት መስጠትህን ልብ ብያለሁ። ቀብሯ ላይ ባለመድረሴ እስካሁን ጥፋተኛ ነኝ። ከዓመት በኋላ ድንጋዩ ሲቆም መጥቼ እሱን አቅፌ ያለቀስኩት ነው ያለኝ ትዝታ። አንድ መስመር ቢጻፍበት እኔም ያኔ እዚያ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ። ተወው።

የሰውየውን በርጩማ ግን መልስለት። እማዬ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትልህ ታውቃለህ። «ሞተንም በሰልፍ ነው?»

ልጅህ


ታኅሣሥ 22

ልጄ፣

ስለቆየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

በርጩማዋን መልስለት ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ሰውየው በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ታኅሣሥ 11 አረፈ። ስፌት መኪናው ላይ እንደተደገፈ ነው ልጁ ያገኘችው። በማግስቱ በሚስቱ መቃብር ውስጥ ቀበርነው። ቀብሩ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ። ብዙ ሰው መጥቶ ነበር፤ መተላለፊያው ላይ ቆመው የነበሩትን ወደ ጎን አስጠግቻቸዋለሁ። ገመዶቹ አዲስ ነበሩ። አንድም ሰው የሌላ መቃብር አልረገጠም።

ጠዋት ቆፋሪው መቃብሩን ሲከፍት አንድ ብረት አግኝቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ ሐኪሞች ለተሰበረ አጥንት የሚያስገቡት ዓይነት። ሴትዮዋ ድሮ ወድቃ ኖሯል። ወደ ቦታው እንዲመልሰው ነገርኩት፤ መለሰው። በዚህ ሥራ ያጋጥማል።

የምበላው ዳቦና እንቁላል ነው። ማክሰኞ ሾርባ።

ቅዳሜ እናትሽ ጋ አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል።

አባትሽ


ጥር 8

አባዬ፣

ልብስ ሰፊው አሳዝኖኛል። ቀሚሴን ሲያሳጥር መርፌዎቹን በከንፈሩ ይዞ በአፍንጫው ያወራ ነበር። ለልጁ ሰላም በልልኝ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገር አልጣመኝም።

ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክም በደብዳቤም «ቅዳሜ እናትሽ ጋ ሄጄ ነበር» ሳትለኝ ቀርተህ አታውቅም። ሳንባህ ታሞ ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ ሲከለክልህ እንኳ ሄደሃል። አሁን በጉንፋን ቀረህ?

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ብረት እጅህ ገብቶ ርዝመቱን አልጻፍክልኝም። አንተ! የላክሁልህን ፎቶ እንኳ ለክተህ «አንድ ሚሊ ሜትር ተጣሟል» ያልከኝ ሰው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ብሎኖቹ ስንት ነበሩ?

ልጅህ


ጥር 20

ልጄ፣

አምስት።

አባትሽ


ጥር 30

አባዬ፣

እማዬ ደረጃ ላይ ወድቃ ጭኗ ሲሰበር የራጅ ተማሪ ነበርኩ። ፊልሟን መብራቱ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ከላይ ሦስት ብሎን፣ ከታች ሁለት፤ አራተኛው ትንሽ ዘመም ብሎ። አንተ በዚያች ብሎን ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አስቁመህ ግማሽ ሰዓት ተከራከርከው፤ እማዬ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና «ተወው፣ እኔም ዘመም ያልኩ ነኝ» አለችህ።

ስለዚህ ያን ጠዋት ጨርቁን እንደገለጥከው አውቀሃል። መለካት እንኳ አላስፈለገህም።

እኔ አገር አቋርጬ መጥቼ ያቀፍኩት ድንጋይ የማን ነው? ልብስ ሰፊውንስ ከማን ጋር ነው የቀበራችሁት? ልጁ ታውቃለች? እንዴት እጅህን አጣምረህ ቆመህ አየህ? ገመዶቹ አዲስ ነበሩ ትለኛለህ!

ስልክ አንስቼ ቁጥርህን እስከ መጨረሻው አሃዝ ደውዬ አስቀመጥኩት። እንደምጮህ አውቃለሁ። በወረቀትም ይጮሃል ለካ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ግን ሁሉንም ጻፍልኝ። ምንም ሳታስቀር።

ልጅህ


የካቲት 9

ልጄ፣

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ድንጋይ የሚቆመው ቀብሩ ዓመት ሲሞላው ነው፤ አፈሩ እስኪረጋ። እስከዚያ ቁጥር ያለው ችካል ብቻ ይተከላል። እናትሽ የሞተች ጊዜ የዘጠነኛው ረድፍ አሥራ አንድ መቃብሮች በሁለት ወር ሞሉ። ችካሎቹ የእንጨት ነበሩ፤ ዝናቡ አጣመማቸው፣ ግማሾቹ ቁጥራቸው ጠፋ። ጠማማ ነገር ማየት አልችልም፤ ያኔ ደግሞ ጭራሽ። ሁሉንም አስነቅዬ በአንድ ቀን አዲስ የብረት ችካል አስመታሁ፣ በገመድ አሰልፌ፣ ከበሩ በኩል ከአንድ እስከ አሥራ አንድ። የድሮው ቆፋሪ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥተው ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። መዝገቡ ላይ ቁጥር አለ፣ መሬቱ ላይ ቁጥር አለ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

በልብስ ሰፊው ቀብር ማግስት የድሮው ቆፋሪ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ።

«ዘጠነኛውን ረድፍ ከየት ነበር የሚቆጥሩት?» አልኳቸው።

«ከቧንቧው በኩል ነዋ!»

«ለምን ከቧንቧው?»

«እጄን የምታጠበው እዚያ፣ አካፋዬን የማስቀምጠው እዚያ። ከየት ልጀምር ኖሯል፣ ከቢሮህ?»

ቧንቧው ያለው ከበሩ ተቃራኒ ጫፍ ነው፤ መዝገቡ ላይ የገባው ደግሞ የእሳቸው ቁጥር ነው። እንግዲህ ረድፉ ተገልብጧል። ከቧንቧው አራተኛዋ እናትሽ ናት፤ ያቺ ከበሩ ስምንተኛዋ ነች። የእናትሽ ድንጋይ የልብስ ሰፊው ሚስት ላይ ቆሟል፣ የሚስቱ ድንጋይ እናትሽ ላይ። ከአሥራ አንዱ ሰው በገዛ ስሙ ሥር የተኛው መሃል ላይ ያለው ስድስተኛው ብቻ ነው። ማንም መጥቶ የማይጎበኘው ሾፌር።

የሚስትህን መቃብር እንዴት አታውቅም ትይኛለሽ። የቀብሯ ዕለት የጫማዬን ጫፍ ነበር የማየው። ዝናብ ነበር፤ ሰው ግራና ቀኝ ይዞኝ ነበር። ከዚያ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስነሳ ፕላኑን አመንኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ያኔ መጥታ «ባሌን ወደ ቧንቧው ጠጋ አድርገን የቀበርነው ይመስለኛል» ብላኝ ነበር። ፕላኑን አሳየኋትና ሐዘን ዓይንን ያሳስታል አልኳት። ይቅርታ ጠይቃኝ ሄደች። እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው።

ያን ጠዋት ለቀስተኛው በር ደርሶ ነበር። ቆፋሪው ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታና «ሴትዮዋ ተሰብራ ታውቃለች?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ያኔ እውነቱን ብናገር ነገሩ አሥር ድንጋይ የማዛወር ሥራ ብቻ ነበር፤ የአንድ ቀን ሥራ፣ የዕድሜ ልክ እፍረት። እኔ እፍረቷን ፈራሁ። አሁን የእናትሽ መቃብር ውስጥ ሰው አለ፤ የእኔ ቦታ ላይ። ደንቡ ሰባት ዓመት አይነካም ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ዓመት እሑድ እሑድ ለእናትሽ ሲያወራላት የኖረው እሱ ነው። የክር ዋጋ፣ የጎረቤት ወሬ፣ የልጁ ጠባይ፣ ሁሉን ትሰማ ነበር። መቀመጫ የነሳሁት እኔ ነኝ። በበኩሌ የሰው ሚስት በውኃ ልክ ስመረምር ኖርኩ።

ለልጁ አልነገርኳትም። ብነግራት ሥራዬ ያበቃል፤ ይሁን። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ነገር ግን የሞትኩ ዕለት እናትሽ ጋ ብለው ከማላውቃት ሴት ጋር ይከቱኛል። ሁለት ወር ይህን ሳወጣና ሳወርድ ነው የከረምኩት። ጉንፋን አልነበረም።

አባትሽ


የካቲት 21

አባዬ፣

ለልጁ ንገራት። የመቃብሩ ኮሚቴ ከመስማቱ በፊት፣ ቤቷ ሄደህ።

ስትነግራት «ስህተት ተፈጥሯል» እንዳትል። የቢሮህን አማርኛ አውቀዋለሁ። «ተሳሳትኩ፤ ከዚያ ዋሸሁ» በል። ከዚያ ዝም በል፤ የመጣልህን አንቀጽ ሁሉ ዋጠው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። ሰባት ዓመት እማዬ የሚያወራላት ሰው እንዳላጣች ሳውቅ ደስ አለኝ። አልቅሼ፣ ከዚያ ደስ አለኝ። እኛ ሁለታችን አናወራላትም ነበር።

ደረትህን የሚወጋህ ነገር እንዴት ነው? ጽፈኸው ሰርዘኸዋል፤ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዤ አንብቤዋለሁ። ሥራዬ ነው።

ልምጣ ወይ?

ልጅህ


መጋቢት 18

ልጄ፣

አትምጪ። ከመጣሽ የምጽፍለት ሰው አይኖረኝም፤ ፊት ለፊት ደግሞ እንዲህ አልናገርም።

ልጁን ሱቋ ሄጄ ነገርኳት። አባቷ ጀምሯቸው የቀሩ ልብሶችን እየጨረሰች ነበር። ያልሽኝን ሁለት ቃል ተናግሬ ዝም አልኩ። ስፌት መኪናውን አላቆመችም። አንድ ሱሪ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እናቴ ታዲያ የት ናት?» አለችኝ።

«ከበሩ አራተኛዋ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆሙባት?»

«አዎ።»

«አበባ ያመጡላት ነበር?»

«አላመጣም ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ድንጋዩን እለካ ነበር።»

ሳቀች፤ ደህና አድርጋ ነው የሳቀችው። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ላጽናናት አንድ እርምጃ ስጠጋ እጇን ዘርግታ «ይሂዱልኝ» አለች። ሄድኩ።

ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ተጠራ። ሊቀመንበሯ ርዕሰ መምህርት የነበረችው ናት፤ ተማሪ እንደምታስቆም አድርጋ አስቆመችኝ። ተሳሳትኩ፣ ከዚያ ዋሸሁ አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ አይሆንም፣ አይፈቀድም፣ አጭር ነው፣ ረጅም ነው ያልኳቸው ሰዎች ነበሩ። የሚሰድበኝ ሰው ጠበቅሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ተነስታ «ዓይኔ አላሳሳተኝም ነበር ማለት ነው» ብላ ተቀመጠች። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሊቀመንበሯ ቆጥራ ተቀበለችኝ። ቆይ ያለኝ ሰው የለም። ቢሉኝ እምቢ የምለውን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ማክሰኞ አሥሩ ድንጋዮች ተዛወሩ። እንደገመትኩት አንድ ቀን ፈጀ።

የቀረው ልብስ ሰፊው ነበር። ሊቀመንበሯ ደንቡ ለአንድ ጊዜ ይነሳና መቃብሩ ተከፍቶ ሰውየው ወደ ሚስቱ ይዛወር ስትል ሐሳብ አቀረበች። እጅ አውጡ ስትል ሥጋ ሻጩ እንኳ አወጣ። ስምንት ዓመት ለማንም አንድ ቀን እንኳ ያላነሳሁትን ደንብ ለእኔ ሲያነሱት አየሁ። ያኔ የልብስ ሰፊው ልጅ ተነሳች።

«አባቴን ሁለቴ አልቀብርም» አለች። «ሰባት ዓመቱ ይሙላ፤ ያኔ እናቴ ጋ እወስደዋለሁ። እናቴም ትንሽ ትረፍ፤ እሱ ከጀመረ አያባራም።»

ሰው ሳቀ። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። መብቷ ነው፤ አልተከራከርኩም።

ሰባት ዓመት ማለት ስድሳ አምስት እሞላለሁ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከሞትኩ ቦታዬ በተራዬ ሃያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ጎረቤቴ ማን እንደሚሆን አላውቅም። ስለዚህ ለጠየቅሽኝ መልስ፤ አዎ፣ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ደረቴን አዳምጦ ስንት ዓመት መኖር እንደምፈልግ በቀልድ ጠየቀኝ። ስነግረው ጻፈው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በደንባችን የተቀበረ ሰው ሁሉ ስሙ ድንጋይ ላይ መኖር አለበት፤ ያለ ስም የሚተኛ የለም። ልብስ ሰፊው ያለው የእናትሽ ድንጋይ ሥር ነው። ስሙ ከስሟ በታች እንዲቀረጽ ደግሞ የባለ ድንጋዩ ቤተሰብ መፈረም አለበት። አዲሱ ጸሐፊ ቅጹን ዘርግቶ፣ ሊነግረኝ አፍሮ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ፈረምኩ።

ትናንት ድንጋይ ጠራቢው ሲጀምር አጠገቡ ቆሜ ነበር። አዲስ ሰው ነው፤ አያውቀኝም። የእናትሽን ስም በእጁ ጠረገና ከሥሩ በእርሳስ መስመር አሰመረ።

«ከሥር የሚገባው የባለቤቷ ስም ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

መሮውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቀጥል» አልኩት። «ፊደሉ ከእሷ እኩል ይሁን።»

አባትሽ